በእጅ ላይ ስለሚመጣው መንዘርና መደንዘዝ፤ ይልቁንም በገብስ ውስጥ ስለሚገኘው ጥቁር ፍሬ

የገበሬ ሀብቱ በሬው፥ ማረሻውና ዘሩ ነው ቢባልም፥ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድመው እጁ ነው። እርፍ የሚጨብጠው፥ ዘር የሚበትነው፥ ማጭድ የሚይዘው፥ ላም የሚያልበው በእጁ ነውና፥ እጁ የደነዘዘበት ገበሬ በሬው እንደ ሞተበት ገበሬ ይቈጠራል። ስለዚህ እጅን የሚያደነዝዘው ደዌ የሐኪም ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም፤ አገር የሚያስተዳድር፥ ወረዳ የሚጠብቅ፥ ሰፊ እርሻም የሚያሳርስ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ሊያውቀው ይገባል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከማሳው ውስጥ የሚበቅል፥ በጎተራ የሚቀመጥ፥ በእንጀራና በቂጣ የሚበላ ስለ ሆነ፥ እርሱን አስቀድሞ የሚከለክለው መድኃኒት ሳይሆን የሹሙና የባለ እርሻው ትጋት ነው።

ስለ መንዘርና ስለ መደንዘዝ አመጣጥ

በሰው ገላ ውስጥ ነርቭ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ። እነዚህም ከጣት ጫፍ ተነሥተው በእጅ አንጓ፥ በክርን፥ በብብትና በአንገት በኩል አልፈው ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገባሉ፤ ከዚያም መልእክታቸውን ወደ አንጐል ያደርሳሉ። ሥራቸውም የስልክ ሽቦን ሥራ ይመስላል። ሙቀቱንና ብርዱን፥ እሾሁንና ልስላሴውን ከጣት ወደ አንጐል ያስታውቃሉ፤ አንጐልም ጨብጥ፥ ልቀቅ ብሎ ያዘዘውን ወደ እጅ ይመልሳሉ።

ይህ ሽቦ ሲጐዳ አስቀድሞ የሚመጣው መንዘር ነው፤ በሽተኛው ጉንዳን ሄደብኝ፥ መርፌ ወጋኝ ይላል። ጉዳቱ ሲበረታ መደንዘዝ ይከተላል፤ እሳት ቢነካው አይሰማውም። ከዚያም እጁ ኀይል ያጣል፤ የያዘውም ዕቃ ይወድቅበታል።

ነርቭ የሚጐዳባቸው መንገዶች በአራት ይጠቃለላሉ። አንደኛው መጫን ነው፤ አጥንት ወይም ያበጠ ሥጋ ሲጫነው። ሁለተኛው ማጣት ነው፤ ደም ወይም ለነርቭ የሚያስፈልግ ምግብ ሲጐድልበት። ሦስተኛው መርዝ ነው። አራተኛው ተሕዋስ ነው፤ በሽታ አምጪ ረቂቅ ሕይወት ሲገባበት።

እንግዲህ የእጅ መደንዘዝ ወሬ ወደ ሹም በደረሰ ጊዜ፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም፥ የደነዘዘው አንድ ሰው ነው ወይስ ብዙ ሰው? የሚል ነው። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ምክንያቱ በገላው ወይም በሥራው ይፈለጋል። በአንድ ወራት፥ በአንድ መንደር፥ ከአንድ አውድማ በሚበሉ ቤቶች ብዙ ሰው ከሆነ ግን፥ ምክንያቱ በጎተራው ይፈለጋል።

በአንድ ሰው ላይ ስለሚመጡት ምክንያቶች

ከሁሉ የሚበዛው የእጅ አንጓ ነርቭ መጫን ነው። በእጅ አንጓ ውስጥ እንደ ጠባብ በር የሆነ መተላለፊያ አለ፤ ጣቶችን የሚያጥፉት ጅማቶችና አንዱ ነርቭ አብረው በዚያ ያልፋሉ። እጅ ሳያርፍ አንድ ሥራ ሲደጋግም፥ ለምሳሌ ሲያልብ፥ ሲሸምን፥ ሲፈጭ፥ የሚነዝር መሣሪያ ሲይዝ፥ ጅማቶቹ ያብጡና ነርቡን ይጫኑታል። ምልክቱም የታወቀ ነው። የሚደነዝዘው አውራ ጣት፥ ሌባ ጣት፥ መካከለኛው ጣትና የቀለበት ጣት እኩሌታ ነው፤ ትንሿ ጣት አትነካም። በሌሊት ይብሳል፤ በሽተኛውም ነቅቶ እጁን ሲያራግፍ ይቀለዋል። በእርጉዞች ሴቶችም ላይ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ ይተዋቸዋል። ሥራውን ማቀያየርና በሌሊት እጅ እንዳይታጠፍ በልስልስ እንጨት ደግፎ ማሰር ይጠቅማል፤ የአውራ ጣት ሥጋ መመንመን ከጀመረ ግን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት እኩሌታ ብቻ ሲደነዝዙ ጉዳቱ በአብዛኛው ከክርን ነው። ከአንገት ወይም ከትከሻ እስከ ጣት ድረስ ሕመም እየወረደ ሲነዝር ደግሞ የአንገት አጥንት ነርቡን ሳይጫነው አልቀረም። ይህም ከባድ ሸክም በሚሸከሙት ላይና በሽማግሌዎች ላይ ይታያል።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ የሚደነዝዘው እግሩ ነው፤ እጁ የሚከተለው ቈይቶ ነው። ነገር ግን የእጅ አንጓ ነርቭ መጫንም በስኳር በሽተኞች ላይ ይበዛልና፥ ብዙ የሚጠማውና ብዙ የሚሸና ሰው እጁ ቢነዝረው ደሙን ማስመርመር ይገባዋል።

ምግብም ምክንያት ይሆናል። ነርቭ ያለ ቫይታሚን ቤ አንድና ያለ ቫይታሚን ቤ አሥራ ሁለት ሊኖር አይችልም። ሁለተኛው በአብዛኛው የሚገኘው ከወተት፥ ከእንቍላልና ከሥጋ ስለ ሆነ፥ እነዚህን ለረጅም ዘመን ያልቀመሰ ሰው፥ ወይም ጨጓራው ይህን ቫይታሚን መውሰድ ያቃተው ሰው፥ እጅና እግሩ ይነዝረዋል። አረቄ አዘውትሮ የሚጠጣም እንዲሁ ነው፤ መጠጡ ነርቡን ይመርዘዋል፥ ምግቡንም ያስረሳዋል። ለሳንባ ነቀርሳ ኢሶኒያዚድ የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እጅና እግሩ ቢነዝረው፥ መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሐኪሙ ቫይታሚን ቤ ስድስት ጨምሮ ይረዳዋልና።

የተባይ መርዝ የሚረጩ ሠራተኞችም ሊጠየቁ ይገባል። ከመርዞቹ ወገን አንዳንዶቹ ገላን ሲነኩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፊትንና እጅን ይነዝራሉ፥ ያቃጥላሉም፤ ይህ ታጥቦ ሲያድር ይተዋል። ሌሎቹ ግን ብርቱዎች ናቸው፤ ለሃጭ ያዝረበርባሉ፥ ያስልባሉ፥ የዓይንን ብሌን ያጠብባሉ፥ ሥጋን ያንቀጠቅጣሉ፥ ትንፋሽንም ያሳጥራሉ። ይህ የታየበት ሰው ልብሱ ወልቆ፥ ገላው በውሃና በሳሙና ታጥቦ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ባዶው የመርዝ ዕቃም ለውሃ መቅጃ ወይም ለእህል ማስቀመጫ እንዳይሆን ይሰባበር።

ሥጋ ደዌ ነርቭን ከሚጐዱት ተሕዋስያን ዋነኛው ነው። ተሕዋሱን በ1873 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ሃንሰን ነው። ደዌው ቀስ ብሎ በዓመታት የሚሄድ ነው። በገላ ላይ ቀለሙ የለወጠ፥ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ይታያል፤ በክርን አጠገብ ያለው ነርቭ ይወፍራል፤ ትንሿ ጣት መታጠፍ ትጀምራለች። ሕመም ስለሌለው በሽተኛው ቸል ይላል፤ እሳትና ስለት ግን ሳይሰማው ጣቱን ይበላበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1981 ጀምሮ የሚያዘው የመድኃኒት ቅልቅል ተሕዋሱን ያጠፋዋል፤ ከ1995 ጀምሮም ለሕሙማን ያለ ዋጋ ይሰጣል። እንደ ደዌው ዐይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ወደ ሌላ ስለማያስተላልፍ፥ ከመንደር ማራቅ ግፍ ነው፤ ግፍ ብቻም አይደለም፥ ሌሎቹን በሽተኞች እንዲደበቁ ስለሚያደርግ ደዌውን ማብዛት ነው።

የጓያ ሽባነት ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። ጓያ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ የሚያደርቀው እግርን ነው፤ ጉልበትን ያሳጣል እንጂ ስሜትን አያጠፋም።

ከዚህም ሌላ አንድ ወገን እጅ በድንገት ሲደነዝዝ፥ አፍም ሲጣመም ወይም አንደበት ሲተሳሰር፥ ይህ የአንጐል ደም መታገድ ወይም መፍሰስ ነውና አንዲት ሰዓት ሳትባክን ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። መደንዘዙ ከእግር ተነሥቶ በጥቂት ቀን ወደ ላይ ሲወጣና ትንፋሽ ሲያሳጥርም እንዲሁ ነው።

በብዙ ሰው ላይ ስለሚመጣው፤ ስለ ኤርጎት

ገብስ፥ ስንዴ፥ አጃ፥ ሲናርና ሌሎችም የሣር ወገኖች በሚያብቡበት ጊዜ ብርድና ዝናብ ሲበዛ፥ ኤርጎት የሚባል ሻጋታ አበባቸውን ይይዛል። የተያዘው አበባ አስቀድሞ እንደ ማር የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያወጣል፤ ዝንብና ዝናብም ፈሳሹን ከዛላ ወደ ዛላ ያደርሱታል። ከዚያ በኋላ በእህሉ ፍሬ ፈንታ የዶሮ ኵሓ የሚመስል ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይበቅላል። ይህ ፍሬ ሲታጨድ ከእህል ጋር ይገባል፤ የቀረውም በምድር ላይ ይረግፍና በሚመጣው ዓመት ጥቃቅን እንጉዳይ የመሰለ አብቅሎ እንደ ገና አበባውን ይይዛል። ይህን የአካሄዱን ሥርዓት በ1853 ገልጦ የጻፈው ቱላን የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው።

በጥቁሩ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ የደም ሥሮችን ያኰማትራል። ደም ወደ ጣት ጫፍ መድረስ ሲያቅተው አስቀድሞ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይነዝራል፤ ከዚያም ያቃጥላል፥ ይበርዳል፥ ይደነዝዛል። ማስመለስና ተቅማጥ፥ የገላም ድካም አብሮት ይመጣል። መብላቱ ካልቀረ ጣቱ ይጠቍራል፥ ይደርቃል፥ በመጨረሻም ያለ ደም ይረግፋል። ሌላው ወገን ደግሞ ነርቡንና አንጐሉን ይዞ ሥጋን ያኰራምታል፥ ያንቀጠቅጣል። እርጉዞችንም ያስወርዳል፤ የምታጠባውን እናት ጡት ያደርቃል።

ይህ ደዌ በአውሮፓ የቆየ ታሪክ አለው። በራይን ወንዝ አገር የተጻፈው የክሳንተን ዜና መዋዕል በ857 የሰው እጅና እግር እየበሰበሰ እንደ ረገፈ ይናገራል። ሕዝቡ ምክንያቱን ባለማወቁ የቅዱስ እንጦንዮስ እሳት ብሎ ሰየመው፤ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ አገር የተነሣው የእንጦንዮስ ወንድሞች ማኅበርም እነዚህን በሽተኞች ለማስታመም ብዙ ሆስፒታሎችን አቆመ። መርዙ ራይ ከሚባለው እህል ጋር የሚበላው ጥቁር ፍሬ መሆኑን ዶዳር የተባለው ሐኪም በ1676 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አስታወቀ። እንግዲህ ከክሳንተን ጽሕፈት ጀምሮ ከ800 ዓመት በላይ ሰዎች የገዛ እንጀራቸው እጃቸውን ሲቈርጠው ሰማይን ይመለከቱ ነበር እንጂ ጎተራቸውን አልተመለከቱም።

ነገሩም የአውሮፓ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ1977 እስከ 1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወሎ ይህ ደዌ ተነሥቶ ብዙ ሰው ታመመ፤ ከሕሙማኑም አንዳንዶቹ እጅ ወይም እግር አጡ፥ የሞቱም ነበሩ። በተመረመረ ጊዜ በገብሱ ማሳ ሲናር በዝቶ እንደ በቀለና የኤርጎት ፍሬ ከሲናሩ ጋር ወደ እህሉ እንደ ገባ ታወቀ። በ2001ም በአርሲ ኤርጎት ያለበትን ገብስ በበሉ ሰዎች ላይ ያው ደዌ ተገኘ። ሁለቱም ደጋማ የገብስ አገሮች መሆናቸው ሊታሰብ ይገባል፤ ገብስ የሚዘራበት፥ ክረምቱም የሚበረታበት አገር ሁሉ ይህን ጉዳት ሊያገኘው ይችላልና።

ጣቱ የረገፈ ሰው ሲታይ ጎረቤቱ ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ይሸሸዋል፤ ሌላውም ቡዳ በላው፥ እርግማን ደረሰበት ይላል። መለያው ግን ግልጽ ነው። ሥጋ ደዌ በዓመታት ይሄዳል፥ አያምም፥ እጁም የሞቀ ነው። ኤርጎት በቀናትና በሳምንታት ይሄዳል፥ በብርቱ ያምማል፥ እጁ ይቀዘቅዛል፥ በእጅ አንጓ ላይ ያለው የደም ትርታም ይደክማል ወይም ይጠፋል። ሥጋ ደዌ ሰውን ለይቶ ይይዛል፤ ኤርጎት ከአንድ ጎተራ የሚበሉትን ይይዛል።

ከብትም ምስክር ይሆናል። ይህን እህል ወይም ይህን ሣር የበላ ከብት ያነክሳል፥ የጆሮውና የጅራቱ ጫፍ ይደርቃል፥ ሰኰናው ይወልቃል፤ ላሚቱም ወተቷ ይጐድላል። ስለዚህ በአንድ መንደር ሰው እጁን ከብትም እግሩን ከታመሙ፥ ጥርጣሬው በእህልና በመኖ ላይ ሊወድቅ ይገባል።

እህልን ስለ መመርመርና ስለ ማጥራት

ምርመራው ከመፈጨቱ በፊት ይሁን፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ በዓይን መለየት አይቻልም፥ ማብሰልም መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። ከጎተራው ከላይ፥ ከመካከልና ከታች እፍኝ እፍኝ እህል ወጥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ይሰጣል። የኤርጎት ፍሬ በውጭ ጥቁር ወይም ጥቁር ሐምራዊ ነው፤ ሲሰበር ውስጡ ነጣ ያለ ነው። በዚህም ከአይጥ ፋንድያ ይለያል። ከአረማሞም ይለያል፤ አረማሞ በጣት ሲነካ እንደ ጥላሸት ይበናል፥ ኤርጎት ግን ጠንካራ ነው።

የዓለም አቀፉ የምግብ ደንብ በስንዴ ውስጥ የሚፈቅደው የኤርጎት መጠን በ1 ኪሎ ግማሽ ግራም፥ በ1 ኵንታልም 50 ግራም ነው። ይህ ማለት በ1 ኵንታል ውስጥ አንድ እፍኝ የማትሞላ ጥቁር ፍሬ እህሉን ከምግብነት ታወጣዋለች ማለት ነው።

ትላልቆቹ ፍሬዎች በወንፊትና በመልቀም ይወጣሉ። ከእህሉ ጋር የተካከሉት ግን በጨው ውሃ ይለያሉ። በ10 ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ጨው ይሟሟል፤ እህሉ ይጨመርበትና ይማሰላል። ጤነኛው እህል ይጠልቃል፥ ኤርጎቱ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው ተቀድቶ ይወጣል። እህሉም ወዲያው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። የወጣው ጥቁር ፍሬ ለዶሮም ለከብትም አይሰጥም፥ በማሳም አይጣልም፤ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል።

ለሚመጣው ዓመትም በማሳው ሊደረግ የሚገባው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ ዘሩ የጠራ ይሁን። ሁለተኛ፥ ከታጨደ በኋላ ምድሩ በጥልቅ ይታረስ፤ ፍሬው ከአፈሩ ውስጥ በጥልቅ ከተቀበረ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልምና። ሦስተኛ፥ በተበከለው ማሳ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ባቄላ፥ አተር ወይም ተልባ ይዘራ፤ ኤርጎት ከሣር ወገን በቀር አይበቅልም፥ በምድርም ውስጥ ብዙ ዘመን አይቈይም። አራተኛ፥ ሲናሩ ከገብሱ ውስጥ ሳያፈራ ይታረም፥ በድንበሩ ያለው ሣርም ሳያብብ ይታጨድ።

ስለ ሹማምንትና ስለ ባለ እርሻዎች ተግባር

ከአንድ መንደር ብዙ ሰው እጁ ነዘረው የሚል ወሬ የደረሰው የወረዳ ሹም በዚያው ቀን የሚያደርገው ይህ ነው። ለጤናና ለእርሻ መሥሪያ ቤቶች ያስታውቃል። ከታመሙት ቤቶች የእህል ናሙና ያስወስዳል፤ የቤቱን ስምና ማሳውን ጽፎ ያያይዛል። ያ እህል እንዳይፈጭ፥ ወደ ገበያም እንዳይወጣ ያግዳል። ሕሙማንን ሁሉ ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ መብላቱ ፈጥኖ ከቀረና ሕክምናው ከተገኘ፥ ገና ያልጠቈረ ጣት ሊድን ይችላልና። የደነዘዘውን እጅ በእሳት ማሞቅ፥ በገመድ ማሰር፥ በዋግምት ማስቀዳት ይከልክል፤ ስሜት የሌለው ሥጋ መቃጠሉን አያውቅምና።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ። ይህ እህል መርዝ ነው፥ አትብሉት ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ሌላ እህል የሌለው ሰው ግን ትእዛዙን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ተርበው ያገኛቸዋል፥ ያንኑም ገብስ ይፈጫል። አጥፊው የገበሬው ድፍረት አይደለም፤ ምትክ ያልተሰጠበት እገዳ ነው። ስለዚህ ሹሙ የተበከለውን ሲያግድ በዚያው ሰዓት የጠራውን ያቅርብ፤ ከመንግሥት እህል ማከማቻ ያስጠይቅ፥ ባለ እርሻዎችም ከጎተራቸው እንዲያበድሩ ያስማማ። ገበሬውም የተበከለ እህሉን ሲያስረክብ በመስፈሪያው ልክ ንጹሕ እህል የሚያገኝ መሆኑን ካወቀ አይደብቅም፤ እቀማለሁ ብሎ የፈራ ግን በጉድጓድ ይቀብረዋል፥ በሌሊትም ይበላዋል።

ባለ እርሻም ከማሳው የሚያገኘውን ጥቅም በቍና ብቻ እንዳይሰፍር ይገባዋል። ለሠራተኛው የሚሰጠው ቀለብ ካልጠራ፥ በሚመጣው ክረምት እርፉን የሚጨብጥለት እጅ አያገኝም። በጨው ውሃ እህል ማጥራት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የረገፈ ጣት ግን ዕድሜ ልክ አይመለስም።

እንግዲህ የተነገረው በአጭሩ ይህ ነው። የአንድ ሰው እጅ ሲደነዝዝ ሥራው፥ ምግቡና ገላው ይጠየቅ፥ ሐኪምም ይየው። የብዙ ሰው እጅ ባንድነት ሲደነዝዝ ግን ጎተራው ይከፈት፥ እህሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ይሰጣ፥ ጥቁሩም ፍሬ ይፈለግ። ይህን በጊዜው ያደረገ ሹም የወረዳውን እጅ አዳነ፤ የገበሬ እጅ ከዳነም እርሻው ጾሙን አያድርም።